ሁለት እናት ለአንድ ልጅ፦ ከወሎ ወጥተው በውጭ አገር ለሚኖሩ ሴት ጥንዶች የጋራ እናትነት መመሪያ

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንዷ እንቁላሏን ትሰጣለች። እንቁላሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ከለጋሽ የወንድ ዘር ጋር ይገናኛል። የተፈጠረው ጽንስ በሌላኛዋ ማህፀን ይቀመጣል፤ እሷ ታረግዛለች፣ እሷ ትወልዳለች። እንግሊዞች ሪሲፕሮካል አይ ቪ ኤፍ ይሉታል፤ ስፔኖች ሮፓ። ሕክምናው ከተለመደው አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም ጽንስ ከአካል ውጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚፈጠርበት ሕክምና፣ ብዙም አይለይም። የሚለየው ሥራው ለሁለት ሴቶች መከፈሉ ነው።

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ከሚሴ ተወልዳችሁ አሁን ለንደን፣ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ለምትኖሩ ነው። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ የወለድኩት ግን ለንደን ነው። እንቁላሉ የባለቤቴ ነበር፣ እርግዝናው የኔ። ክሊኒኩ የሚሰጣችሁ ወረቀት ስለ መድኃኒቱ በደንብ ይነግራችኋል። ስለ ግርዛት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ሰዓት አቆጣጠራችን፣ በቪዲዮ ስልክ ሆዳችንን ስለምታይ እናት ግን ምንም አይልም። እኔ እዚያ ላይ በረታ ብዬ እሄዳለሁ።

አገር ቤት ላላችሁ እህቶች እውነቱን ልናገር። ይህ ሕክምና ለሁለት ሴቶች ኢትዮጵያ ውስጥ አይቻልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ ነገሩን የሚያከብድ ሁኔታ አለ ከተባለ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ አይ ቪ ኤፍ የሚሰጡ ቦታዎች አሉ፤ ሁለት ሴቶች ግን እንደ ጥንድ ሆነው አይስተናገዱም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ስልካችሁን ማን እንደሚነካ አስቡ። ካነበባችሁ በኋላም አጥፉት።

መጀመሪያ፦ ማን እንቁላል ትስጥ? ማን ታርግዝ?

ብዙዎች በስሜት ይወስናሉ። ስሜት ክፉ አይደለም፤ ሐኪሙ ግን በቁጥር ነው የሚጀምረው።

ትልቁ ቁጥር የእንቁላል ሰጪዋ ዕድሜ ነው። ማህፀን በ40ዎቹ ውስጥም ደህና አድርጎ ሊሸከም ይችላል፤ እንቁላል ግን ዕድሜ ይጥለዋል። ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት እንቁላል ከሆነ፣ ከሦስት የጽንስ ሽግግር (ጽንሱን ወደ ማህፀን ማስገባት ማለት ነው) አንዱ ገደማ ወደ ልጅ ይደርሳል። ከ40 ካለፈ በኋላ ተስፋው በፍጥነት ይወርዳል፤ በ43 እና በ44 ከ100 ሙከራ 10 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዳችሁ 31፣ አንዳችሁ 40 ከሆናችሁ፣ የ31 ዓመቷ እንቁላል ትስጥ፣ የ40 ዓመቷ ታርግዝ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

እዚህ ላይ የኛ የሆነ ችግር አለ። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ዕድሜ የተወለድንበት ዕድሜ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ የተሳሳተ ነው፤ አንዳንዱ በስደት ጊዜ በግምት የተጻፈ ነው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሲወስን ዕድሜን ያያል። እውነተኛ ዕድሜሽን ለሐኪሙ በቃል ንገሪው። ዘመኑን እንኳ ባታውቂ ከታላላቆችሽ ጋር አስልተሽ ገምቺ። የሕክምና ምስጢር ነው።

ቀጥሎ ደም ይመረመራል። ኤ ኤም ኤች የሚባለው ሆርሞን የቀረውን የእንቁላል ክምችት ይጠቁማል። በአልትራሳውንድ ደግሞ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያወጣው አካል) ላይ ያሉት ትንንሽ ከረጢቶች ይቆጠራሉ። እነዚህ ሁለቱ ስንት እንቁላል ሊወጣ እንደሚችል ይናገራሉ፤ ስለ ጥራቱ ግን አይናገሩም። ጥራቱን የሚናገረው ዕድሜ ነው።

የምታረግዘዋ ደግሞ ማህፀኗ፣ የደም ግፊቷ፣ ስኳሯና ታይሮይዷ (የአንገት እጢዋ) ይታያል። ማዮማ (የማህፀን እጢ) ካለ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ማህፀኑ ክፍተት ገፍቶ የገባ ከሆነ አስቀድሞ ይወጣል። በልጅነትሽ የሳንባ ነቀርሳ ታመሽ ከነበረ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ነቀርሳ የማህፀንን ግድግዳ ሊያጣብቅ ይችላል፤ እዚህ ያለ ሐኪም ያን ማሰብ አይቀናውም። በቤተሰብሽ እንቅርት ካለም ተናገሪ። የወሎ ደጋ እንቅርትን በደንብ ያውቀዋል። ታይሮይድ ካልተስተካከለ እርግዝና ለመጽናት ይቸገራል፤ ማስተካከያው ደግሞ ቀላል ክኒን ነው።

ስለ ግርዛት ዝም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ይህ ሕክምና በብልት በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ የተሞላ ነው፤ እንቁላል ሲወጣም፣ ጽንስ ሲገባም መንገዱ ያው ነው። ጠባሳ ያላት ሴት ልታምማት ትችላለች፣ የልጅነቷ ቀንም ተመልሶ ሊመጣባት ይችላል። በመጀመሪያው ቀጠሮ “ተገርዣለሁ” በሉ። ትንሹን መሣሪያ እንዲጠቀሙ፣ ሴት ሐኪም እንድታያችሁ፣ በቃኝ ስትሉ እንዲያቆሙ ጠይቁ። ብሪታንያ ውስጥ ለተገረዙ ሴቶች የተለዩ ክሊኒኮች አሉ፤ የተሰፋ ካለ ከእርግዝናው በፊት ሊከፈት ይችላል። ማፈር ያለብሽ አንቺ አይደለሽም።

ከአካል ውጭ ያለው ጥያቄም አለ። የማን ሥራ ቆሞ መዋልን ይጠይቃል? የማን መኖሪያ ፈቃድ ገና አልጸናም? የማን እናት በሚቀጥለው ዓመት ከደሴ ለጉብኝት ልትመጣ ነው? እኛ ቤት የመጨረሻው ብዙ አወያይቶናል። ሆድ አይደበቅም። እንቁላል መስጠት ግን ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

ልባችሁንም አትርሱ። እንቁላል የሰጠችው ሌላዋ ጡት ስታጠባ ሲከፋት፣ የወለደችው ደግሞ ልጁ ሌላዋን መስሎ “ቁርጥ እሷን!” ሲባል ሆዷ ሲባባ አይቻለሁ። ሁለቱም ያልፋል። የሚያልፈው ግን አስቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ ነው። ክሊኒኩ የምክር አገልግሎት ሲያቀርብ “አያስፈልገንም” አትበሉ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከምትኖሩበት ከተማ ውጭ የሆነ ሰው ጠይቁ። ስማችሁ እንዳይነገረውም ማድረግ ይቻላል። የኛ ሰው እርስ በርስ ይተዋወቃል።

ወረቀቱ ከመርፌው ይቅደም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። እንቁላል መስጠት በብዙ አገር ሕግ እናት አያደርግም። ሕጉ የሚያውቃት የወለደችውን ነው። እንቁላል የሰጠችው ሁለተኛ ወላጅ የምትሆነው በጋብቻ፣ በፊርማ፣ በፍርድ ቤት ወይም በጉዲፈቻ ነው። የልጁ ዘር ከእሷ መሆኑ ብቻውን አያድናትም።

ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ ነገሩ ግልጽ ነው። ጽንሱ በሚገባበት ቀን የተጋባችሁ ወይም በሲቪል ፓርትነርሺፕ (እንደ ጋብቻ ያለ በሕግ የተመዘገበ ጥምረት) የተመዘገባችሁ ከሆነ ሁለተኛዋ ወላጅ ናት። ካልተጋባችሁ ሁለታችሁም የክሊኒኩን የስምምነት ቅጽ ከሽግግሩ በፊት መፈረም አለባችሁ፤ ክሊኒኩም ፈቃድ ያለው የብሪታንያ ክሊኒክ መሆን አለበት። ፊርማው ከሽግግሩ በኋላ ከመጣ ዘገየ ማለት ነው። የቅጾቹን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ፣ ቀኑንም አንብቡት።

እዚህ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሳይጋቡ ርካሽ ነው ብለው ስፔን ሄደው የሚታከሙ አሉ። የፊርማው መንገድ የሚሠራው በብሪታንያ ክሊኒክ ብቻ ነው። ከተጋባችሁ ግን ሕክምናው ውጭ አገር ቢሆንም የብሪታንያ ሕግ ሁለታችሁንም ይቀበላል። ስፔን ራሷ ለሮፓ የጋብቻ ወረቀት ትጠይቃለች። ስለዚህ ወደ ስፔን ለመሄድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ተጋቡ።

ጀርመን ያላችሁ እህቶች መንገዳችሁ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የጽንስ ጥበቃ ሕግ እንቁላል ልገሳን ስለሚከለክል ክሊኒኮች ይህን ሕክምና አይሰጡም። ውጭ አገር ታክማችሁ ብትመለሱም የወለደችው ብቻ እናት ተብላ ትመዘገባለች፤ ሌላዋ፣ ብትጋቡም እንኳ፣ የራሷን ዘር በጉዲፈቻ ነው የምትወስደው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለሴት ጥንዶች የመውለድ ሕክምና ፈቅዳለች፤ ይህን የእንቁላል መጋራት ግን አልፈቀደችም። ጣሊያን ለሴት ጥንዶች ጭራሽ ዝግ ናት።

አሜሪካ ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ያለችው የሰማችው ቴክሳስ ላለችው ላይሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተጋቡ ሴቶች ሁለቱም በልደት ወረቀት ላይ እንዲሰፍሩ ወስኗል። የልደት ወረቀት ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ የአሜሪካ ጠበቆች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ጉዲፈቻ ጨምሩበት ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። የራስን ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድ ያማል። አጋርሽ አደጋ ቢደርስባት ልጁን የሚወስዱት የእሷ ዘመዶች ሊሆኑ መቻላቸው ግን ይበልጥ ያማል።

በተመሳሳይ ሰሞን ሁለታችሁም ኑዛዜ ጻፉ። የጥገኝነት ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ፤ የልጁ ዜግነት በማን ወረቀት እንደሚሄድ እወቁ።

ገንዘቡን በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለት ሰው ስለሚመረመር ዋጋው ከአንድ ሰው አይ ቪ ኤፍ ይበልጣል። ክሊኒኮች የሚለጥፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን፣ የወንዱን ዘር፣ ማቀዝቀዣውንና ሁለተኛውን ሽግግር አይጨምርም። “ሁሉ ነገር ተደምሮ ስንት?” በሉ። የብሪታንያ መንግሥት ጤና አገልግሎት ይህን ዓይነቱን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። እኛ በእቁብ ነው የከፈልነው። ለእቁቡ ምክንያት መናገር ግዴታ አይደለም።

የወንዱ ዘር

ክሊኒኮች ከዘር ባንክ ይገዛሉ፤ ትልልቆቹ ባንኮች ዴንማርክና አሜሪካ ናቸው። ጥቁር ለጋሽ በጣም ጥቂት ነው፤ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ደግሞ እጅግ ይከብዳል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ልጃችሁ ፀጉሯና መልኳ እናንተን እንዲመስል የምትፈልጉ ከሆነ ወረፋ መጠበቅ ሊኖር ይችላል።

ስለ ማንነቱ የሕጉ ልዩነት ትልቅ ነው። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2005 ወዲህ የሚመዘገብ ለጋሽ ስውር አይደለም፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ስሙን መጠየቅ ይችላል። አንድ ለጋሽ ከ10 ቤተሰብ በላይ አይሰጥም። ስፔን ውስጥ ለጋሹ ስውር ነው፤ የሚመርጠውም ክሊኒኩ ነው። እኔ ልጁ ማወቅ የሚችልበትን መንገድ እመርጣለሁ። ሰባት ቤት ቆጥረን በምንጋባበት አገር ያደግን ሰዎች ነን፤ የዘር ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ሌላው መንገድ የምታውቁት ሰው ነው። የምታረግዘዋ ወንድም ዘሩን ቢሰጥ፣ ልጁ ከሁለቱም ቤተሰብ ደም ይኖረዋል። ውብ ሐሳብ ነው፤ ግን በክሊኒክ በኩል ብቻ ይሁን። ክሊኒኩ ደሙን ይመረምራል፣ ዘሩን አቀዝቅዞ ለወራት ያቆያል፣ እንደገና ይመረምራል፣ ወረቀት ያስፈርማል። ቤት ውስጥ በስሪንጅ የሚደረገውን አትሞክሩ። ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ቢ አለ። ደግሞ ካልተጋባችሁ ሰውየው በሕግ አባት ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ምርመራ ሲደረግ ለጋሹ የሚመሳከረው እንቁላል ከሰጠችው ጋር ነው፣ ከምታረግዘዋ ጋር አይደለም። የምታረግዘዋ የደም ዓይነት ግን ኔጋቲቭ ከሆነ በእርግዝናው ጊዜ መርፌ ያስፈልጋት ይሆናል።

ምርመራና ዝግጅት

ሁለታችሁም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ትመረመራላችሁ። ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ውስጥ በብዛት ያለ በሽታ ነው፤ ተገኘ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሌላዋ ትከተባለች፣ ልጁም እንደተወለደ ይከተባል። የምታረግዘዋ የኩፍኝና የሩቤላ መከላከያዋ ይታይ፤ ከሌላት ክትባቱ ከእርግዝናው በፊት ይሁን።

ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከሽግግሩ ቢቻል ሦስት ወር ቀደም ብላ ትጀምር። የሕፃኑን የጀርባ አጥንትና ጭንቅላት ይጠብቃል።

ጫት ይቁም። ቡና በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን አይለፍ፤ የሦስት ዙር ቡና ሥርዓታችን ከዚያ በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። ጤና አዳሙን ከቡናው ላይ አንሱት። ወሎ ውስጥ ያለ ጤና አዳም ቡና አይጠጣም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ጤና አዳም ግን ማህፀንን ያነቃንቃል፣ ለእርጉዝ አይሆንም። ኮሶም እንዲሁ።

የመርፌው ሰሞን

ይህ የእንቁላል ሰጪዋ ተራ ነው። በወር አበባዋ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀን ገደማ ትጀምራለች። ሆድ ላይ በቀጭን መርፌ የሚወጋ ሆርሞን ነው፤ ከ8 እስከ 14 ቀን ይቆያል። በወር አንድ እንቁላል የሚያደርሰው ኦቫሪ አሁን ብዙ እንዲያደርስ ይገፋፋል። በመሃል ሌላ መርፌ ይጨመራል፤ እንቁላሉ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። በየሁለት በየሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ አለ።

ከዚያ የመጨረሻው መርፌ ይመጣል። እንቁላሉን የሚያበስለው ይህ ነው፤ ከተወጋ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላሉ መወሰድ አለበት። ሰዓቱ ቢዛነፍ የሁለት ሳምንት ድካም ሊባክን ይችላል። ነርሷ “9:30 ማታ” ብትል በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በጭንቅላታችሁ አትገልብጡ። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ፤ ወረቀት ላይም በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ጻፉ። ሁለታችሁም ንቁ ሁኑ።

ሆድ መነፋት፣ ጡት መወጠር፣ ማልቀስ የተለመደ ነው። ሆዷ በፍጥነት ካበጠ፣ ካስመለሳት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። ኦቫሪው ከልክ በላይ ተነቃቅቶ ይሆናል። ኦቫሪያቸው ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢት ያለባቸው ሴቶች ይበልጥ ይጠንቀቁ። እዚህ ላይ ቻይ መሆን ጥቅም የለውም። እኛ ወሎዬዎች “ደህና ነኝ” ማለት እንወዳለን።

እንቁላሉ ሲወጣ ማስተኛ መድኃኒት ይሰጣታል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ በፊት 6 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም። በዚያው ቀን ወደ ቤት ትገባለች፤ አጠገቧ ሰው ይኑር፣ አብሽ ያለው ሾርባም ይኑር።

ላቦራቶሪው

እዚህ እናንተ የምትሠሩት የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ከበሰሉት እንቁላሎች ከ10 ሰባት ገደማ ይጸነሳሉ። ከእነሱም አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቀን የሚደርሱት ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። 12 እንቁላል ተገኝቶ ሦስት ወይም አራት ጽንስ ቢቀር ጥሩ ነው። በየቀኑ ቁጥሩ ሲወርድ አትደንግጡ።

ጽንሱ በትኩሱ ሊገባ ወይም ሊቀዘቅዝ ይችላል። በትኩሱ ከሆነ የሁለታችሁ የወር ዑደት በመድኃኒት እኩል መሄድ አለበት። ማቀዝቀዝ ያን ጭንቀት ያስቀራል፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው።

ሽግግሩ

አሁን የምታረግዘዋ ተራ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ የኤስትሮጅን (የማህፀን ግድግዳን የሚያወፍር ሆርሞን) ክኒን ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ትወስዳለች። የማህፀኗ ግድግዳ 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ሲደርስ ፕሮጄስትሮን የሚባለው፣ ማህፀኑን ለጽንሱ የሚያዘጋጀው ሆርሞን ይጨመራል፤ ከአምስት ቀን በኋላ ጽንሱ ይገባል። ማደንዘዣ የለውም፣ ደቂቃዎች ነው። በሞላ ፊኛ መሄድ ይረዳል፤ አልትራሳውንዱ በደንብ ያሳያል። የተገረዘች ከሆነች ከዚያ ቀን በፊት የሙከራ ሽግግር ይደረግላት ዘንድ ጠይቁ።

አንድ ጽንስ ብቻ አስገቡ። “መንታ ይሁንልን” የሚል ምኞት አውቃለሁ፤ መንታ እርግዝና ግን ለእናትም ለልጆችም አደጋው ብዙ ነው።

ጾም ላይ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ክኒኑ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚዋጥ በረመዳን ያስቸግራል፤ ወደሚለጠፈው ማዛወር ይቻላል። ሁዳዴ ከሆነ ችግሩ ሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲንና ብረት እንዳይጎድል አስቡ። በሁለቱም ሃይማኖት የታመመችና ያረገዘች ሴት ቅለት አላት። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ጾም በአንድ ቤት ሲጾም ያደግን ሰዎች ይህን እናውቃለን።

የእርግዝና ምርመራው ከሽግግሩ በኋላ ከ9 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቀድማችሁ በሽንት አትፈትኑ። ደም ቢታይም ፕሮጄስትሮኑን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ደውሉ። ከተያዘ መድኃኒቱ እስከ 10 ወይም 12 ሳምንት ይቀጥላል። ካልተያዘ ሐዘኑ የሁለታችሁም ነው። እንቁላል የሰጠችው “የኔ ጥፋት” ትላለች፣ ያልያዘላትም “የኔ” ትላለች። የማንም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጽንሱ ራሱ ሳያድግ ሲቀር ነው።

እርግዝናው

አዋላጇ እንቁላሉ ከሌላ ሴት መሆኑን ማወቅ አለባት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዳውን ሲንድሮም ምርመራ የሚሰላው በእንቁላል ሰጪዋ ዕድሜ ነው፤ በተሳሳተ ዕድሜ ከተሰላ በከንቱ ያስደነግጣል ወይም በከንቱ ያጽናናል። ሁለተኛ፣ የራሷ ባልሆነ እንቁላል ያረገዘች ሴት የእርግዝና ደም ግፊት ዕድሏ ከፍ ይላል። ከ12 ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ አስፕሪን ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪም ትጠይቅ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣ ወደ ሆስፒታል ነው።

ያልወለደችውም ማጥባት ትችላለች። ከወራት በፊት በፓምፕ ጡቷን እያነቃቃች፣ አንዳንዴም በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥ መድኃኒት ወተት ይመጣል። ጥቂት ነው፤ ግን ልጅ ጡት ይዞ ሲተኛ ያላት ደስታ ትልቅ ነው። ጡት በማጥባት ልጅ ማድረግ አገራችን የቆየ ሥርዓት ነው፤ የጡት እናት ስንት ቤት ውስጥ አለች።

ልደትና ስም

እንግሊዝ ውስጥ ልጁ በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የወለደችው እናት ተብላ፣ ሌላዋ ወላጅ ተብላ ትሰፍራለች። ከተጋባችሁ አንዳችሁ ብትሄዱ ይበቃል። ካልተጋባችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ስሙ ላይ ጊዜ ስጡት። በኛ ልማድ ከልጅ ስም ቀጥሎ የአባት ስም ነው። እዚህ አገር ሕጉ የፈለጋችሁትን ይፈቅዳል። የአንዳችሁን አባት ስም ብትሰጡት ወሎ ውስጥ ማንም አያስተውልም፤ አባት የሌለው ልጅ በአያቱ ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። እኛ የባለቤቴን አባት ስም ሰጠናት። ክርስትና ወይም አቂቃ ለማድረግ የምታስቡ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ በጥንቃቄ ምረጡ።

ወሎ ያለው ቤተሰብ

ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚነገር ሁለታችሁ አንድ ላይ ወስኑ። አንዷ ነግራ ሌላዋ ሳትዘጋጅ መቅረት የለባትም። እውነቱን መናገር የማይችል ሰው ውሸታም አይደለም፤ ራሱንና እዚያ ያሉትን እየጠበቀ ነው። እዚያ ያለች እህታችሁም በእናንተ ምክንያት ጎረቤት ሊነሳባት ይችላል። “ብቻዬን ወለድኩ” ብሎ ማቆም ለብዙዎች ይበቃል።

ልጁን ይዛችሁ አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነ ሕጉን ከላይ ጽፌዋለሁ። ብዙዎች አንዷ ብቻ ልጁን ይዛ ትሄዳለች። ያን ጊዜ የሌላዋ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የአየር መንገድና የድንበር ሰዎች ሊጠይቁት ይችላሉ። ሁለት የሴት ስም ያለበትን የልደት ወረቀት ግን ኮምቦልቻ ድረስ ይዛችሁ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ የልጁ ፓስፖርት ለጉዞ ይበቃል። ስልካችሁ ላይ ያለውን ፎቶና መልእክት ከመሳፈራችሁ በፊት አንሱ። ልጁ አፉን ከፈታና “ሁለት እናት አለኝ” ማለት ከጀመረ፣ ጉዞውን አለማድረግ የተሻለ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፤ ደሴን ለልጄ ማሳየት እፈልጋለሁ። አያቷ ናይሮቢ ወይም ዱባይ መጥታ ብታያት ግን ይቻላል። እኛ ለእሱ እየቆጠብን ነው።

የቀሩት ጽንሶች

ሁለተኛ ልጅ ካሰባችሁ ከዚያው ለጋሽ ተጨማሪ ዘር ቀድማችሁ ግዙና አስቀምጡ፤ ለጋሹ የቤተሰብ ቁጥሩን ከሞላ በኋላ ላታገኙት ትችላላችሁ። የቀዘቀዙት ጽንሶች ብሪታንያ ውስጥ እስከ 55 ዓመት መቆየት ይችላሉ፤ ግን ፈቃዱ በየ10 ዓመቱ መታደስ አለበት። አድራሻ ስትቀይሩ ለክሊኒኩ ንገሩ፤ ደብዳቤው ካልደረሳችሁና ካልፈረማችሁ ሊጠፉ ይችላሉ። ብትለያዩ ወይም አንዳችሁ ብትሞቱ ጽንሶቹ ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄም ቅጹ ላይ አለ። እሱን ሳጥን ባዶ አትተዉት። ለሁለተኛው ልጅ ተራ መቀያየር ከፈለጋችሁም፣ የሰጠችው ልታረግዝ ያረገዘችውም ልትሰጥ ይቻላል፤ ምርመራውና ፊርማው ግን ከመጀመሪያ ይጀመራል።